«ቤተኛ» የተባለው ድምፃዊ

ማስተርን ለመሸለም የወሰኑት ሰዎች በመጀመሪያ በሕይወት መኖሩን እንኳ አላወቁም ነበር። ደብዳቤው የመጣው «ለቤተሰቦቻቸው» ተብሎ ነው። ፖስታውን ያመጣው መልእክተኛ በሩን ከፍቶ የቆመውን ረጅም ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አየውና «ለሟች ምናቸው ነዎት?» ሲል ጠየቀው። ማስተር መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ ደብዳቤውን እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሞ ጨርሶ አነበበና፣ «ሟቹ ራሴ ነኝ፤ የቱ ጋ ልፈርም?» አለው።

ይህችን ወሬ ሳምንቱን ሙሉ ላገኘው ሁሉ ሲያወራ ከረመ። ሰው ይስቅለታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል። የሱ ሳቅ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ደብዳቤውን የላከው ድርጅት ስድስት ዓመት ሙሉ በሱ ልፋት ሲታወቅበት ኖሮ፣ አንድ ቀን ስልክ አንስቶ «አለህ ወይ?» ያላለው ድርጅት ነው። ሰው በስልኩ ዘፈን ከፍቶ የሚሰማበት መተግበሪያ አላቸው፤ በውስጡ ካሉት የድሮ ዘፈኖች አብዛኞቹ በማስተር ጣቶች ያለፉ ናቸው። አሁን «ለሙዚቃው የዕድሜ ልክ ባለውለታ፣ ለዲጂታሉ ዘመን ፈር ቀዳጅ» ብለው ዋንጫ ሊሰጡት ነው። እውነት ለመናገር፣ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ለሁሉም ይቀልላቸው ነበር።

ማስተር የሚለው ስም የወጣለት ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ ነው። አውቶቡስ ተራው አጠገብ፣ በጫማ አዳሽና በፎቶ ቤት መካከል የተሸጎጠች የካሴት ሱቅ ነበረችው፤ እጁን ግራና ቀኝ ቢዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ የሚነካባት። ከኋላዋ አንዲት ክፍል አለች። ግድግዳዋን በእንቁላል ካርቶን ለብጦ፣ በሯ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቅሎ፣ ሁለት ማይክና አንድ ያረጀ ሚክሰር አስገብቶ «ስቱዲዮ» ብሏታል። ሌላ ቦታ የቀዱትን ይዘውለት የሚመጡ ዘፋኞችም ነበሩ፤ እሱ ያባዛላቸዋል። ሌሎቹ ካሴት ቤቶች ከቅጂ ላይ ቅጂ፣ ከዚያም ላይ ሌላ ቅጂ ስለሚያወጡ መጨረሻ ላይ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስላል። እሱ ከዋናው ካሴት፣ ከማስተሩ በቀር አያባዛም፤ ማስተሩንም ከእጁ አያወጣም። በየአሥሩ ካሴት የማጫወቻውን ራስ በጥጥና በአልኮል ይጠርጋል። «ማስተሩ ማን ጋ ነው?» ሲባል «እሱ ጋ»፣ «እሱ ጋ» እየተባለ በመጨረሻ ሰውዬው ራሱ ማስተር ሆኖ ቀረ።

በዚያች የኋላ ክፍል ከሚቀዱት አንዷ ታናሽ እህቱ ነበረች። በሰባት ዓመት ይበልጣታል። ቤት ውስጥ «ሚጢጢ» ነው የምትባለው፤ ቁመቷ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም ሳይቀረውም ሚጢጢ ነች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ቀን የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ ውላ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች፣ አሥራ አራት ዘፈን ቀዳች። ከሁሉም «ልብሱ አልደረቀም» የሚለው ይለያል። የምትወደው ሰው እንዳይሄድባት የምትለማመጥ ሴት ዘፈን ነው፤ ያጠብኩልህ ልብስ ገና እርጥብ ነው፣ ጥቂት ቆይ ትለዋለች። ሲቀዳ ዝናብ ይዘንብ ነበርና የቆርቆሮው ድምፅ አብሮ ገባ። ሌላ ሰው ቢሆን ያስደግማት ነበር። ማስተር ግን «ተይው፣ በዚህ ዝናብ የትኛው ልብስ ይደርቃል?» ብሎ ተወው። ካሴቱ ለሰፈሩ ሰውና ለአውቶቡስ ሾፌሮች ተሸጠ። ሽፋኑ ላይ በእጁ የዘፈኖቹን ርዕስ ብቻ ጻፈበት። የዘፋኟን ስም ለምን ይጽፋል? ሚጢጢ መሆኗን የማያውቅ ማን አለ?

ከዚያ ሚጢጢ አገባች፣ ወለደች፣ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ሲዲ መጣ፣ ፍላሽ መጣ፣ ካሴት ሞተ። ሱቆቹ ካሴቶቻቸውን በጆንያ እየሞሉ ሲጥሉ ማስተር ከኋላ ከኋላቸው እየሄደ ሰበሰበ። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ የጽሕፈት መኪና እንኳ ነክቶ የማያውቅ ሰው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቶ ሦስት ወር ታገለው። ካሴት ማጫወቻውን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘውን ገመድ ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ በይዶ ሠራው። በከተማው ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ይህን ጠላቱም አይክደውም። ሥራው ችኮላ አይወድም። የስልሳ ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ ስልሳ ደቂቃ ቁጭ ብሎ መስማት ነው። የተበጠሰውን ይቀጥላል፣ የሻገተውን ይጠርጋል፣ የላላውን እስክሪብቶ ሰክቶ ያጠነጥናል። ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት፤ አሥራ አንድ ሺህ ዘፈን። ሚስቱ እስክትሞት ድረስ ኮምፒውተሩን «ጣውንቴ» ነበር የምትለው።

ስህተቱን የሠራው ያኔ ነው። ፕሮግራሙ አንድን ዘፈን ሲያስቀምጥ «ድምፃዊ» የሚል ቦታ አለው፤ ያ ቦታ ካልተሞላ አላስቀምጥም ይላል። ዘፋኙ የማያውቀው ሰው ሲሆን ማስተር ይደውላል፣ ይጠይቃል፣ ያፈላልጋል። አንዱን ፍለጋ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ የአያቱን ስም ሳይቀር ጽፎ ተመልሷል። በራሱ የኋላ ክፍል የተቀዱት ሲሆኑ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እህቱ፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ከበሮ መቺው ጎረቤቱ፣ ሁለቱ የአክስቱ ልጆች ምን ስም ያስፈልጋቸዋል? ሳያንኳኩ ገብተው፣ ሻዩን ራሳቸው ቀድተው ጠጥተው፣ ሲደክማቸው ጥቅልል ብለው ተኝተው የሚነሱ ሰዎች ናቸው። ለነሱ ሁሉ «ቤተኛ» ብሎ ሞላ። እንግዳ አይደሉም፣ የራሳችን ሰዎች ናቸው፣ ስማቸውን በኋላ እሞላዋለሁ ማለቱ ነበር። ያ «በኋላ» የሚባለው ቀን እንግዲህ እንደሚታወቀው ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ዘፈን ቤተኛ ተብሎ ቀረ። የባዳውን ስም እስከ አያቱ ጽፎ የገዛ እህቱን ስም ያስቀረ ሰው ነው እንግዲህ ባለውለታ የተባለው።

የዛሬ ስድስት ዓመት ድርጅቱ ሁለት ትሑት ወጣቶች ልኮ ሁሉንም በአንድ ሃርድ ዲስክ ገልብጦ ወሰደ። ማስተር ደስ ብሎት ነው የሰጠው፤ ቤቴ እንኳ ቢቃጠል ዘፈኖቹ አይጠፉም ብሎ። «የሞላሁት መረጃ ትክክል ነው» የሚል ወረቀትም ፈረመላቸው። እነሱ ወስደው አጸዱት። ማጽዳት በነሱ ቋንቋ ሳሉን፣ ሹክሹክታውን፣ የወንበሩን ሲጥታ ቆርጦ መጣል ነው። «ልብሱ አልደረቀም» ላይ ያለው ዝናብም ታጥቦ ወጣ። ቀጥሎ ኮምፒውተራቸው «ቤተኛ» የሚለውን ሲያይ የአንድ ዘፋኝ ስም መሰለውና ገጽ ከፈተለት። ገጹ ላይ ባርኔጣ ፊቷን በከፊል የሸፈናት ሴት ተስላለች። ከሥሯ የሴትም የወንድም፣ የጎረምሳም የሽማግሌም ድምፅ ይሰማል። ወጣቶች ቤተኛ ማን ናት፣ አለች ወይስ ሞታለች እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ባለፈው ዓመት ደግሞ «ልብሱ አልደረቀም» ድንገት ተነሳና በየታክሲው፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየሰዉ የስልክ ጥሪ ላይ እሱ ሆነ።

ሚጢጢ ይህን ሁሉ ሰምታ ስፌቷን ቀጠለች። ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት አንገቷ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ድምፅዋ በዚያው ተለያት፤ ስትናገር ወረቀት ሲታጠፍ የሚሰማውን ያህል ነው። ፀጉር ቤት ተቀምጣ የራሷ ዘፈን ሲመጣ «ጥሩ ዘፈን ነው» ከማለት አታልፍም። ነገሩ የከረረው በልጅ ልጇ ምክንያት ነው። ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ ስለ ቤተሰቡ አንድ ነገር ይናገር ሲባል «ልብሱ አልደረቀምን የዘፈነችው አያቴ ናት» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪዋ ክፋት አልነበራትም፤ ስልኳን ከፍታ አየችና «እዚህ ላይ ቤተኛ ነው የሚለው የኔ ቆንጆ፤ ከመናገራችን በፊት እናጣራ» አለቻት። ልጅቷ ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ወርውራ አያቷ ፊት ቆመች።

«አንቺ ከሆንሽ አሁን ዝፈኚልኝ» አለቻት።

ሚጢጢ አፏን ከፈተች። የወጣው አየር ብቻ ነበር።

በማግሥቱ ወንድሟ ቤት መጣች። ተቀመጪ ቢላትም አልተቀመጠችም።

«ወንድምጋሼ» አለችው፣ «ስሜን መልስልኝ።»

«የምን ስም?»

«የራሴን ነዋ! የማንን ስም ልጠይቅህ ኖሯል? ያቺ ልጅ ውሸታም አድርጋኝ ቀረች። እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም። ዘፈኑ ሥር ስሜ ይጻፍና ትየው፤ በቃ።»

«ይኼማ ቀላል ነው እኮ። ነገ ሄጄ አስተካክለዋለሁ።»

«ነገ ስትል እንደ ሌላው ነገህ እንዳይሆን።»

«ነገ አልኩሽ አይደል እንዴ ሚጢጢ!»

ለአንድ ጊዜ እንኳ ቃሉን ጠብቆ በነጋታው ሄደ። የድርጅቱ ቢሮ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው፤ ሰው ሁሉ ባለ ጎማ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይንሸራተታል። የመረጃ ክፍሉ ኃላፊ ወጣት ነው። ማስተርን ሲያይ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው፤ ውኃ አስመጣለት፤ «ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ እኛም የለንም» አለው። ጉዳዩን ሲሰማ ግን ጭንቅላቱን ማከክ ጀመረ።

«ችግሩ ምን መሰለዎት ጋሼ፣ ቤተኛ ብለው የሞሉት ራስዎ ነዎት።»

«እኔው ሞላሁት፣ እኔው ላርመዋ!»

«እሱማ ልክ ነዎት። ግን ዘፈኑ ከታወቀ ወዲህ ቤተኛ እኔ ነኝ ብለው የመጡ አሥራ ሰባት ሴቶች አሉ። ጠበቆቹ ያለ ማስረጃ አንዲት ፊደል አትነኩም ብለውናል። የያኔ ደብተር ይኑር፣ ወይ ካሴቱ ላይ ስሟ የተጠራበት ቦታ ይኑር፤ ያንን ያምጡልኝ፣ እዚሁ ፊትዎ አስተካክለዋለሁ።»

ማስተር ማስረጃማ ሞልቶኛል ብሎ ልቡ ሞልቶ ተመለሰ። ደብተሮቹን ከቁም ሣጥን አናት አወረደ። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ የካሴቱ ዓይነት አለ፤ ድምፃዊ በሚለው ሥር ግን ያኔም ቤተኛ፣ ቤተኛ፣ ቤተኛ። ተስፋ ሳይቆርጥ ያልታጠቡትን ዋና ካሴቶች አወጣ። በየዘፈኑ መግቢያ የራሱ የጎረምሳነት ድምፅ አለ። «ሚጢጢ፣ ዝናቡ እስኪያባራ እንጠብቅ?» ይላል። «ምን ያስጠብቀናል፣ ቅዳው!» ትላለች እየሳቀች። አሥራ አራቱንም ሰማ። ሚጢጢ ቀረብ በይ፣ ሚጢጢ ማይኩ ላይ አትተንፍሺ፣ ሚጢጢ ድገሚው። ስሟን አንድም ቦታ አልጠራም። ማጫወቻውን አጥፍቶ ተቀመጠና ለመጨረሻ ጊዜ በስሟ የጠራት መቼ እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረ። ምናልባት ሠርጓ ላይ። ምናልባት እዚያም ላይጠራው ይችላል።

የሽልማቱ ደብዳቤ የመጣው በዚህ መሃል ነው። የመረጃ ክፍሉና የሽልማት ክፍሉ አንድ ሕንፃ ውስጥ ተቀምጠው አይነጋገሩም ማለት ነው፤ አንዱ ውኃ ያጠጣውን ሰው ሌላው ቀብሮታል። ወጣቱ ኃላፊ ይህን ሲሰማ ግን ራሱ ደወለ።

«ጋሼ፣ መንገድ ተገኘ! መድረክ ላይ ሦስት ደቂቃ ይናገራሉ። ሥነ ሥርዓቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይቀረጻል፤ ጠበቆቹም አዳራሹ ውስጥ ናቸው። እነዚህን ዘፈኖች የዘፈነችው እህቴ ናት ብለው ስሟን ከነአባቷ ይጥሩ። የቀዳው ሰው በሕዝብ ፊት ከመሰከረ ይበቃናል ብለውኛል። በሳምንቱ ስሟ ይገባል።»

ሚጢጢ ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ትጠራኛለህ?»

«ከሁሉ በፊት አንቺን።»

«ከሁሉ በፊት አላልኩህም። ብቻ ጥራኝ።»

ለዕለቱ ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ለራሷ ሰፋች። መጥሪያው ለሁለት ሰው ብቻ ስለሆነ ልጅቷ ቪዲዮውን በኋላ እንድታይ ተነገራት፤ እሷም ቀን መቁጠር ጀመረች። ማስተር ንግግሩን በአንድ ወረቀት ጻፈ። የመጀመሪያው መስመር የእህቱ ስም ነው፤ ከአባቷና ከአያቷ ስም ጋር፣ ያለ መነጽር እንዲነበብ በትልልቁ ተጽፎ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። መስታወት ፊት ቆሞ እስኪሰለቸው ተለማመደው። ለጎረቤቶቹም «ዋንጫውን በር ማስደገፊያ ነው የማደርገው፤ የኔ ጉዳይ ሌላ ነው» እያለ ይፎክር ነበር። ፉከራውን ራሱም አምኖታል።

አዳራሹ ሞልቷል። ሚጢጢ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። መብራቱ ጠፋና ስለ ማስተር የተሠራ አጭር ፊልም ታየ። ያቺ ሱቅ፣ የእንቁላል ካርቶኖቹ፣ እስክሪብቶ ሰክቶ ካሴት ሲያጠነጥን፤ ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ ፀጉሩ ጥቁር ሳለ የተነሳው ፎቶ። ወፍራም ድምፅ ያለው ተራኪ «እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ትዝታችን በጆንያ ተጥሎ ይቀር ነበር» ሲል ሕዝቡ ተነሳ። ሁሉም ተነሳ። ማስተር ጎረቤቶቹ ለየለት ሲሉት፣ ሚስቱ ጣውንቴ ስትል፣ ሱቁ ሲዘጋ አንድም ሰው «ምነው?» ሳይለው የኖረ ሰው ነው። እንባው መጣ። ወደ መድረክ ሲወጣ እግሩ መሬት የነካ አልመሰለውም። በዚያች ሰዓት ልቡ ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነበር፤ እህቱም አልነበረችም። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም።

መድረክ መሪዋ ዋንጫውን ስትሰጠው አንድ ካርድ ጣቶቹ መሃል ሻጥ አደረገችና ጆሮው ላይ «ጋሼ፣ በመጀመሪያ እነዚህን ያመስግኑልን» አለችው። ካርዱ ላይ የአሥራ አንድ ሰው ስም አለ፤ ዝግጅቱን የደገፉ ሰዎችና ኃላፊዎች ናቸው። ማስተር በሰው ስም አይቀልድም። መነጽሩን አውርዶ አንድ በአንድ፣ ማዕረጋቸውን ሳያጎድል፣ እስከ አያት ጠራቸው። የአንዱን ስም አሳስቶ ኖሮ ይቅርታ ጠይቆ እንደገና አነበበው። ባለስሙ ከፊት ረድፍ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰለት።

አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ መድረክ መሪዋ ሰዓቷን ነካች። ወዲያው ከድምፅ ማጉያው ተናጋሪ የሚሸኝበት ሙዚቃ ቀስ ብሎ ገባ። «ልብሱ አልደረቀም» ነበር። ዝናብ የሌለበት። ሚጢጢ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ጥቂት ቆይ እያለች።

ማስተር የሚናገረው አንድ ነገር እንደቀረ ገብቶታል። ሰዉ ፈገግ ብሎ ያየዋል፣ ሙዚቃው እየጮኸ ነው። በሕይወቱ ሙሉ ለገዛ ሰዎቹ ሲለው የኖረው ቃል ሳይጠራ ከአፉ ወጣ።

«ሌሎቹማ… ሌሎቹ ቤተኞች ናቸው! የቤት ሰው ስሙ እየተጠራ አይመሰገንም፤ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ!»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ከተናገረው ሁሉ ይበልጥ የተጨበጨበለት ይህ ነው። ማስተር ዋንጫውን ታቅፎ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ሁለተኛው እርከን ላይ ዋንጫው ደረቱን ሲነካው ኪሱ ውስጥ ወረቀቱ ኮሽ አለ። ዞር ሲል መድረክ መሪዋ የሚቀጥለውን ተሸላሚ እየጠራች ነበር። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሚጢጢ እንደ ሰዉ ሁሉ ቆማ ታጨበጭባለች።

ታክሲ ውስጥ ከጎኗ ተቀመጠ። ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ «ሚጢጢ…» አለ።

«ጥሩ ተናገርክ» አለችው በመስኮት እያየች። «ዋንጫው ከበደህ እንዴ? አምጣ እስቲ ልያዝልህ።» ተቀብላው ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ እስከ ቤቱ ድረስ ያዘችለት።

በሳምንቱ ማስተር መስታወቱ ቢሮ ሄደ። ወጣቱ እንደ ልማዱ ብድግ አለ፤ ውኃ ግን አላስመጣም።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ነበር» አለው።

ማስተር አራት የታጠፈውን ወረቀት አውጥቶ ዘረጋለት። ወጣቱ በአክብሮት አነበበውና መልሶ አጥፎ ሰጠው። «መድረክ ላይ ይህችን አንዲት መስመር አንብበዋት ቢሆን ኖሮ! አሁን የተጻፈ ወረቀት ማስረጃ አይሆንም ጋሼ። ጠበቆቹ የተናገሩትን ቃል በቃል ገልብጠውታል። ቤተኞች ናቸው ብለዋል። ስለዚህ…» ብሎ የኮምፒውተሩን ፊት ወደሱ አዞረለት።

ገጹ ታርሟል። «ቤተኛ» የነበረው «ቤተኞች» ሆኗል፤ ከጎኑ «የሙዚቃ ቡድን» ተብሎ ተጽፏል። ባርኔጣ ያደረገችው ሴት በአራት ባርኔጣ ለባሾች ተተክታለች። ከሥሩ በደቃቁ «መረጃው የተስተካከለው በቀጂው የመድረክ ምስክርነት መሠረት ነው» ይላል። ወጣቱ ሊያጽናናው ፈልጎ «ቢያንስ አንድ ሰው አለመሆኑን አውቀናል» አለው። ማስተር በቃኝ ብሎ ወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት እህቱ ቤት ተጠራ። መቅረት ፈልጎ ነበር፤ ግን ልጅቷ ራሷ ናት የደወለችው። ቪዲዮው ወጥቷል፣ ካልመጣህ አልከፍተውም አለችው። ሲገባ ሚጢጢ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የዩኒፎርም እጅጌ ትገጥማለች። ልጅቷ ስልኳን የውኃ ብርጭቆ ላይ አስደግፋ፣ ለሱ ወንበር አዘጋጅታ ትጠብቀው ነበር። አንዲት የክፍል ጓደኛዋንም ለምስክር ጋብዛታለች።

ፊልሙ አለፈ፣ ጭብጨባው አለፈ፣ አሥራ አንዱ ስሞች አለፉ። ልጅቷ በእያንዳንዱ ስም ላይ «አሁን ነው?» እያለች ወደሱ ትዞራለች። ከዚያ «ሌሎቹ ቤተኞች ናቸው!» የሚለው የራሱ ድምፅ መጣ፤ ሳቁ መጣ፤ አለቀ።

«የታለ?» አለች። መልሳ ከፈተችው። ለሁለተኛ ጊዜ አየችው፤ ለሦስተኛ ጊዜ አየችው። ጓደኛዋ ጫማዋን ማየት ጀመረች። «አባባ፣ እማማን አልጠራሃትም እኮ።»

ማስተር ከሰው ካሴት ላይ አንዲት ትንፋሽ እንኳ ቆርጦ አያውቅም። አሁን ግን አፉ ቀደመው።

«ጠርቻታለሁ» አለ። «ቆርጠውት ነው።»

ልጅቷ ዓይኑን አየችውና ቀስ ብላ ወደ አያቷ ዞረች።

«እማማ፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ። እውነት ጠርቶሻል?»

የስፌት መኪናው ቆመ። ሚጢጢ የያዘችውን እጅጌ ጉልበቷ ላይ አደረገች። ወንድሟን አላየችውም።

«ጠርቶኛል» አለች በዚያ በወረቀት ድምፅዋ። «ከነአባቴ ስም። ጮክ ብሎ።»

«ሰዉስ አጨበጨበ?»

«ተነስቶ ነው ያጨበጨበልኝ።»

ልጅቷ ወደ ጓደኛዋ ዞራ «አላልኩሽም?» አለቻት፤ ሁለቱም ስልኩን ይዘው ወደ ግቢው ወጡ። ሚጢጢ እጅጌውን አንስታ መርፌው ሥር አስገባች፤ መኪናው እንደገና መጮህ ጀመረ። ማስተር ላቡን የሚጠርግበት መሐረብ ፍለጋ ደረት ኪሱ ውስጥ እጁን ሲከት ያን አራት የታጠፈ ወረቀት አገኘ። ስሟ እዚያው በትልልቁ ተጽፎ አለ። አላወጣውም።